እህቷ ጠበል ገብታለች

ዘርትሁን ዝምተኛ ናት ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ዘርትሁን ሲያስፈልግ ትናገራለች፤ እኛ ሳያስፈልግም ስለምናወራ፣ ከእኛ መሀል ስትቀመጥ ዝምተኛ መሰለች እንጂ።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከሜትሮው ብዙ በማይርቅ የጡብ አፓርትመንት እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ እንኖራለን። የእሷ ጣሪያ የእኔ ወለል ነው። የስፌት መኪናዋን ስታስነሳ ከምንጣፌ ሥር ይሰማኛል። ሥራችንም አንድ ነው፤ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነርስ ኤይድ ነን። አዛውንት እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ እናነሳለን። ዘርትሁን በዲቪ ስትመጣ መጀመሪያ ያረፈችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፤ እዚያ አንድ ድራይ ክሊን ውስጥ ሱሪ እያሳጠረች፣ ዚፕ እየቀየረች ዓመታት ተቀመጠች። ከዚያ ወገቤን አመመኝ ብላ ስፌቱን ተወችና ሰው ማንሳት ጀመረች። ይህን እያነሳሁ ስስቅባት አሁንም ምኑ እንዳሳቀኝ አይገባትም።

ስፌት ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ሸዋዓለም ናት። እናታቸው ልጆች እያሉ ስለሞተችባቸው ያሳደገቻትም እሷው ናት። ደብረ ብርሃን፣ በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ታናሿን አስተማረች፤ ራሷ ሳታገባ፣ ሳትወልድ ቀረች። ዘርትሁን እሑድ እሑድ ስልክ ትደውልላታለች። የሚያወሩትን ከላይ ሆኜ አልሰማም፤ ሳቋን ግን እሰማለሁ። ዘርትሁን በሳምንት አንድ ቀን ነው እንደዚያ የምትስቀው።

ሸዋዓለምን አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። አሁን የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ድረስ መጥታ መርካቶ እናቴ ቤት አገኘችኝ። ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ለእህቷ ነጠላ ሰጠችኝ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ፣ መሀሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ያለበት ነበር። ሻንጣዬን ራሷ ከፍታ፣ የእኔን ልብስ አውጥታ፣ ነጠላውን ከሥር አንጥፋ መልሳ ከተተችው። «ሳቢራ፣ አደራ፣ በርበሬ እንዳይነካብኝ» አለችኝ። በርበሬውን ትቼ መጣሁ።

በፈረንጆቹ 2009 ጥቅምት ላይ ያ የአሳማ ጉንፋን የተባለው በሽታ እኛ ነርሲንግ ሆም ገባ። መጀመሪያ ለአንድ ሺፍት አንድ የወረቀት ማስክ ይሰጡን ነበር፤ ቆይቶ ለሳምንት አንድ ሆነ። አዛውንቱ ሲያስሉ ፊታቸው ከፊታችን ምን ያህል እንደሚርቅ ሥራውን የሠራ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያቺን አንዲት ወረቀት ኪሳችን ውስጥ አጣጥፈን፣ በማግሥቱ አቃንተን እናደርጋለን። ዘርትሁን አንዱን ቤቷ ወስዳ በምላጭ ፈታታችው። በማግሥቱ ከወረቀቱ በላይ የሚደረብ፣ ሦስት እጥፋት ያለው፣ ታጥቦ የሚመለስ የጨርቅ ማስክ አድርጋ መጣች። ሱፐርቫይዘራችን አገላብጣ አየችውና «ከላይ ከሆነ ችግር የለውም» አለች። በሳምንቱ የፎቁ ሠራተኛ ሁሉ፣ ጋናዊቷም ፊሊፒኗም፣ የዘርትሁንን ማስክ አድርጎ ነበር። ማንንም ይህን ያህል አምጣ አላለችም፤ ስጦታ ነው።

ነገሩን ያሰፋው ነጋ ነው። ነጋ የአጎቷ ልጅ ነው፤ በርክ የሚባል ሰፈር ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል። ሲልቨር ስፕሪንግና ላንግሊ ፓርክ በየሰው ቤት እየዞሩ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ልጆች ምንም ማስክ እንደሌላቸው ሰማና ለዘርትሁን ነገራት፤ እሺ አለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ንጹሕ አንሶላና የትራስ ልብስ ሰበሰቡ። ነጋ ጨርቁን ያመጣል፣ የተሰፋውን ይወስዳል። አስተባባሪው እኔ ነኝ ይላል። እኔ እስከማየው ያስተባበረው መኪናውን ነው።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ነጋ ደወለልኝ።

«ሳቢራ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«እዚህ አገር ብቻውን ያልሆነ ማን አለ? ምን ሆነሃል?»

«ሸዋዓለም አረፈች። ከአገር ቤት ኮል አደረጉልኝ። ድንገት ነው፤ ተቀብራለች።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሻንጣዬን የከፈተችበት እጇ ነው ፊቴ ላይ የመጣብኝ። ለማን እንደማለቅስ ግራ ገባኝ፤ ለሞተችው ወይስ ምንም ሳታውቅ ቤቷ ለምትሰፋው።

በዚያው ቀን ነጋ ታክሲው ውስጥ ሰበሰበን። እኔና ከእኛ ጋር የሚሠሩ አራት ሐበሾች፣ መስኮቱ በትንፋሻችን እስኪደፈን ተጨናንቀን መከርን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ላይም አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ማልዶ ይሄዳል፣ ሐዘንተኛዋን ደግፎ ይነግራል፣ አብሯት ያለቅሳል። ስለዚህ ቅዳሜ፣ ኦፍ የምትሆንበት ቀን ጎሕ ሲቀድ እንሂድ ተባለ። እስከዚያ ስትደውል አገር ቤት ያሉት «ጠበል ገብታለች፣ ስልክ የለም» እንዲሏት ነጋ አዘዘ። እስከዚህ ድረስ ተስማምቻለሁ።

ዓርብ ዕለት ነጋ እንደገና ደወለ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብናደርገውስ? ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ልጆች በጉንፋኑ ወድቀዋል። ማስኩን እየጠበቁ ነው። መርዶ ከተነገራት በኋላ መርፌ አትነካም።»

«ነጋ፣ እህቷ ናት የሞተችው።»

«አውቃለሁ። ሟቿን አንመልሳትም። የታመሙት ግን…»

«እኔ ያደግሁበት ቤት ሰው ጠዋት ከሞተ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ተቀብሮ ሰፈሩ አልቅሶ ይመሻል።»

«እሱ በእናንተ ነው። እኛ ጋ መርዶ ወግ አለው።»

«ወጉ ማልዶ ሄዶ መንገር ነው። አንሶላ ተሸክሞ መመላለስ የቱ ላይ ተጽፏል?»

ስልኩን ዘጋሁበት። ግን አምስቱ በአንድ ቃል ሆኑ፤ እኔ ደግሞ ሥጋዋ አይደለሁም፣ ሃይማኖቴም ሌላ ነው፣ ብቻዬን ሄጄ መርዶ የምነግር ሰው አይደለሁም። በዚህ ዓይነት ቅዳሜው ወደ ሌላ ቅዳሜ፣ ያም ወደ ሌላው ተገፋ። ሁልጊዜም የሚያሳምን ምክንያት ነበረው። አንዱ ሳምንት የእኛው ፎቅ ሠራተኛ ግማሹ ታመመ፣ ሌላው ሳምንት ላንግሊ ፓርክ ያሉት ጨመሩልን አሉ። እየተናደድኩ ጨርቁን ወደ ላይ አብሬ ተሸክሜአለሁ።

የሚገርመኝ ቤቷ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጨርቅ ይዘን ስንሄድ በሩን ገና ሳናንኳኳ ትከፍታለች። ወንበሮቿ በሙሉ፣ የወጥ ቤቱ ሳይቀር፣ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ተደርድረዋል። ትልቁ ድስት ምድጃ ላይ ተጥዷል። ልብሷን ለባብሳ ተዘጋጅታለች።

«ሰው ትጠብቂያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምናልባት ከመጣ» አለች። ከዚያ ነጋ የተሸከመውን ጨርቅ አየች፤ ተቀበለችው፤ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች።

በመኪናው ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ «ሸዋዓለም ጠበል ገባች አሉኝ» አለች።

«አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

«የት ጠበል?»

ይህን ማንም አላዘጋጀኝም። እኔ ሳቢራ ስንት የጠበል ስም አውቃለሁ? «ጻድቃኔ መሰለኝ» አልኩ። ነጋ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ውሃ እየጠጣ፣ ጥያቄውን ብቻ ሰምቶ፣ «ሸንኮራ ዮሐንስ ነው የሄደችው» ብሎ ጮኸ። ዘርትሁን ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እሺ» አለች።

መክሳቷን ሁላችንም አየን። እኔን ያስፈራኝ ግን መክሳቷ አይደለም። እጇ ሲሠራ እሷ የለችም። ሥራ ቦታ የሚወዷት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሞቱ። ገንዛ፣ አልጋውን አንጥፋ፣ ምሳዋን በላች፤ ወይም ማንኪያውን አነሳች፣ አስቀመጠች። ቤቷ ደግሞ አንድ ቀን አጠገቧ ሆኜ ላስቲክ ስቆርጥ የመኪናው መርፌ በጣቷ ጥፍር ላይ ገባ። መኪናውን አቆመች፣ መርፌውን በእጇ አሽከርክራ አወጣችው፣ በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ቀጠለች።

«አላመመሽም?» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?» አለችኝ። የምሯን ነው።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያዎቹ ማስኮች ላስቲካቸው ስለላላ ለሁሉም አዲስ ሰፋች። የእኛ የሐበሾቹ ትንሽ ይለያል፤ ላይኛው ጠርዝ፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው፣ ወፈር ያለ ነው። ለነጋም ለታክሲው ብላ እንደዚያው ያለ ሰጠችው። «ምን አድርገሽበት ነው ዓይኔ ሥር የሚወፍረው?» ስላት፣ «እንዲይዝ ነው» አለችኝ። እኔም ለእኛ አድልታ የተሻለ ያደረገችልን መስሎኝ ደስ አለኝ።

አንድ ሐሙስ ላውንድሪ ወርጄ፣ ስቸኩል ማስኬን ከፎጣ ጋር በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ሳወጣው ነጩ ጨርቅ ላይኛው ጠርዙ ላይ ቀላ ብሏል። አፍንጫዬ የደማ መሰለኝ። ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ቀይ ብቻ አይደለም፣ አረንጓዴም ለቋል። ቤቴ ገብቼ ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ተረተርኩት። በሁለቱ ጨርቅ መሀል በጥንቃቄ ታጥፎ የተሰፋ ጥለት ወጣ። አረንጓዴና ወርቅማ፣ መሀሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር። በርበሬ እንዳይነካው ከውቅያኖስ ማዶ ይዤው የመጣሁት የሸዋዓለም ነጠላ ነው።

ሴት ልጅ ሐዘን ሲገባባት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ እግሯ ላይ የሚወርደው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷንና ፊቷን ይይዛል። ሩቅ ያለ ሰው እንኳ ያን አይቶ ሐዘንተኛ መሆኗን ያውቃል። ዘርትሁን ያን ነጠላ ቀድዳ፣ ጥለቱን ዓይናችን ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ሰፍታብናለች። የጋናዊቷን ማስክ ለምኜ ነካሁት፤ ስስ ነው። የፊሊፒኗም ስስ ነው። ጥለት ያለው የእኛ የስድስታችን ብቻ ነው። ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማን ማን እንደሚያውቅም ለይታ ታውቃለች። እኛ ስንዋሻት፣ እሷ ለእህቷ ሐዘን አልብሳን አዛውንት ስታሳጥበን ከርማለች።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከምንጣፉ ሥር መኪናዋ ይሠራል።

ለነጋ ደውዬ፣ «የማስክህን ላይኛ ጠርዝ ተርትረህ እየው» አልኩት። ጨርቁ ሲተረተር ሰማሁ። ከዚያ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። «ቅዳሜ» አለኝ። «አዎ፣ ቅዳሜ» አልኩት። ለሌሎቹም ነገርናቸው። ምን እንደምናደርግ አንድም ሰው አልተከራከረም፤ ሐበሻ ስድስት ሆኖ ሲስማማ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ገና ሊነጋ ሲል ደረጃው ሥር ተገናኘን። ጨርቅ የያዘ የለም። ሁላችንም ማስካችንን አድርገናል፤ ላይኛውን ጠርዝ ተርትረን ጥለቱን ወደ ውጭ አውጥተነዋል፤ ዓይናችን ሥር ከጉንጭ ጉንጭ ተዘርግቷል። ነጋ መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያነቡ ሽማግሌ ጠይቆ የሚናገረውን አጥንቶ መጥቷል፤ ከንፈሩ ማስኩ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ሳናንኳኳ ከፈተችው። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። መጀመሪያ እጃችንን አየች፤ ጨርቅ ፈለገች። ከዚያ ቀና ብላ ፊታችንን አየች፤ አንድ በአንድ፣ የእኔን፣ የነጋን፣ የሁላችንን። ነጋ «እግዚአብሔር…» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በላይ አልሄደለትም። ዘርትሁን እጇን ዘርግታ ፊቴ ላይ ያለውን ጥለት በጣቷ ነካችው፣ በዚያ በተወጋው።

«መጣችሁ» አለች። ደግፈን ያዝናት።

እኔ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ደረቷን ስትመታ እጇን ይዘን፣ እያለቀሰች የተናገረችው ሁሉ ለእህቷ ነበር። «እታለም፣ የተከራይሽ ልጅ ትንሿ ስልኩን አንስታ ነገረችኝ። እሑድ ስቄ ላስቅሽ ደውዬ፣ ተቀብራለች አለችኝ። ብቻዬን ምን ብዬ ላልቅስልሽ? በዚህ ቤት በግድግዳ መሀል ማን ይዞኝ ልጩህ? ሰው ይመጣል ብዬ ወንበር ዘረጋሁልሽ፤ ጨርቅ ይዘው መጡ፣ ሰፋሁ። ሰው ይመጣል ብዬ ድስት ጣድኩልሽ፤ ጨርቅ ይዘው መጡ፣ ሰፋሁ። ነጠላሽን ለሰው ፊት ቆረጥኩት እታለም፣ የማዘቀዝቀው የለኝም።» ነጋ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ያን ጊዜ ይቅር አልኩት።

ምን ያህል እንደጮህን አላውቅም። በሩ ሲንኳኳ ተጨማሪ ለቀስተኛ የመጣ መስሎን ነበር። ወጣት ፖሊስ ነው። ጎረቤት ደውሎ ሰው እየተደበደበ ነው ብሏል። ልጁ መልካም ነው፤ ገና በሩ ላይ ሆኖ ወንበርና ወለል ላይ የተቀመጡትን ሴቶች፣ በፊታችን ላይ ያለውን አረንጓዴና ወርቅማ ጨርቅ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኢዝ ኤቭሪባዲ ኦኬ?» አለ።

ሁላችንም ለመመለስ አፋችንን ከፈትን፤ እንደለመድነው ስለ እሷ ልንናገርላት። ዘርትሁን ግን ክንዴን ይዛ ተነሳች፣ በሩ ድረስ ሄደች።

«ማይ ሲስተር ዳይድ» አለችው።

ቃሉን በአፏ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ በአማርኛም አላለችውም። ልጁ በጣም አዝናለሁ አላት፤ ከዚያ መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

ዘርትሁን ዞር ብላ አየችን። ጥለቱን አየች፣ ወንበሮቹን አየች፤ አሁን ሰው ተቀምጦባቸዋል።

«ቱዴይ» አለችው።